ለጭስ ማውጫዋ እህቴ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1983 ዓ.ም.

ተማም፣

አሰላሙ አለይኩም። ቀጥሎ «ቤቱ ሁሉ ሰላም ነው» መባል ነበረበት። ስላልሆነ አልጽፈውም፤ በቀጥታ ወደ ጥያቄዎችህ እሄዳለሁ።

አዎ፣ ካንሰር ነው። እህትህን አዲስ አበባ ወስጃት የቀኝ ሳንባዋን የታችኛውን ክፍል ቆርጠው አወጡላት። ቀዶ ሐኪሙ «ያየነውን በሙሉ አውጥተናል» አለኝ። «ያላያችሁትስ?» አልኩት። ወደ ነርሷ ዞሮ «እኚህን ሽማግሌ ውጭ አስቀምጪልኝ» አላት። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሽማግሌ!

«ጋያዋን ትታ ነበር ወይ?» ላልከው፣ ይህን እኔን መጠየቅህ ይገርመኛል። ጀልዴሳ እናታችሁ ቤት ለጋያው ውኃ ትሞላ የነበርከው አንተ ነህ። ሃሊሞ ከእናቷ እጅ ተቀብላ ጭሱን ስትስብ ያየኸውም አንተ ነህ። ሳገባትም ጋያዋን አቅፋ ነው የመጣችው። አሁን አታጨስም፤ ዕቃው ግን በር ጀርባ ቆሟል። ልጥለው ስል «እንግዳ ቢመጣስ?» ትለኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሐምሌ ደብዳቤህ ስለ ሥራህ የጻፍከውን አልረሳሁም። ከዕጢ ውስጥ ጂን ታወጣላችሁ፤ ከጂኑ ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣ እንደሆነ ታያላችሁ፤ የተለወጠችበት ሰው ቶሎ ይሞታል፣ ያልተለወጠችበት ይቆያል። አንተ በሁለት ገጽ ነው የጻፍከው፤ እኔ አሳጥሬዋለሁ። ስለዚህ ዕጢውን ልኬልሃለሁ። ከሆስፒታሉ ያወጣሁት ተጣልቼ ነው። ጥፍር የምታክል ቁራጭ ናት፣ ሰም ውስጥ የተቀበረች። የምድር ባቡሩ ክፍሌ እስከ ጅቡቲ ይዟት ሄዶ ከዚያ በፖስታ ይልክልሃል። ሰሙ በሙቀት እንዳይቀልጥ በቴርሞስ አድርጌ ሰጠሁት። «ጋሼ ኢስሃቅ፣ አይስክሬም ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ እንዳትልሰው» አልኩት።

ለምን እንደፈለግሁት በግልጽ ልጻፍልህ፤ በኋላ አልገባኝም እንዳትል። ልጄ ኡባህ ታሽከንት የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በሰኔ ተፈትና ኢንጂነር ትሆናለች። እናቷ መታመሟን ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም። አሁን ብጠራት ትመጣለች። ከመጣች ግን ተመልሳ አትወጣም። የመውጫ ቪዛ የሚሰጡት ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ እያወቅህ ነው ያደግኸው። የአምስት ዓመት ትምህርት ገደል ገባ ማለት ነው። ሃሊሞ ከሰኔ የምታልፍ ከሆነ ልጅቷን አልጠራም። የማታልፍ ከሆነ እጠራታለሁ። ከእናቷና ከዲግሪዋ አንዱን እንድታጣ የምፈርደው እኔ ነኝ፤ በግምት አልፈርድም። ልኬት ስጠኝ።

መልሱን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አድራሻ አትላክ። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ እኔ ብሆንም ደብዳቤዬን ቀድሞ የሚያነበው ካድሬው ነው። ስልኩም ያለው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጋላ፣ በሱሌማን ሱቅ ፖስታ ሣጥን ላክ።

ሃሊሞ ሰላም ብላሃለች። «እዚያ አገር ሴት ጠፍታ ነው ብቻውን የሚያረጀው? በለው» ብላኛለች። ብዬሃለሁ።

ኢስሃቅ


ዩትሬክት፣ ኅዳር 12 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለጋሼ ኢስሃቅ፣ ለጭስ ማውጫዋ እህቴ ለሃሊሞ፣ ደግሞም ይህን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተደላድሎ፣ በዚያ የሐራጅ ድምፁ ለሚያነብላችሁ ለሱሌማን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሱሌማን፣ ቀስ ብለህ አንብብ፤ ስኳር እየሸጥክ አይደለም።

ሃሊሞ፣ ሆድሽን በዚያች የጀልዴሳ ወተት ሙይልኝ። ጋያ ማቆምሽን ሰምቼ ደነገጥኩ። ባቡሩ እንኳ ከሰል ትቶ ናፍጣ ሲጀምር አንቺ በከሰል የቀረሽ ሴት ነሽ። አሁን ድሬ በምን ታውቀኛለች ልትዪ ነው? ወፎቹ ከከዚራ ዛፎች ላይ «የዛሬው አየር ምን ነካው?» እያሉ ይሆናል። ስለ ሚስት የላክሽብኝን ሰምቻለሁ። የዚህ አገር ሴቶች ረጃጅሞች ናቸው፤ ቀና ብዬ ስነጋገር አንገቴን አመመኝ። አንቺን የምታክል አጭርና ተናዳጅ ሳገኝ አገባለሁ።

ጋሼ፣ ክፍሌ የላከው ዕቃ በደህና ደርሷል። አልቀለጠም፤ የላሰውም የለም። ሥራውን ጀምሬያለሁ፤ ሳምንታት ይወስዳል። ከሰሙ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ሰሙን አጥባለሁ፣ ከዚያ የምፈልጋትን ጂን በማሽን አበዛታለሁ፤ አንዷ ብቻዋን በዓይን አትታይምና። የቀረውን አንተ ትገምተዋለህ። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስህ፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው። ስለ አንድ ሰው ሲጠይቁት አንደበቱ ይተሳሰራል።

ሌላ አድራሻ የለህም ወይ? የሥራ ነገር የቤት ሰው ያሰለቻል ብዬ ነው።

ተማም


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1983 ዓ.ም.

ተማም፣

ሰላምታው እንደደረሰህ ቁጠረው።

«ሌላ አድራሻ የለህም ወይ?» ብለህ በሱሌማን አፍ ጠየቅኸኝ! አንተ ብልህ ነኝ ብለህ ነው። ሰውየው ንባቡን አቁሞ መነጽሩን አወለቀ። «የኔ ሣጥን ምን ጎደለው?» አለ። «ምንም» አልኩት። «ዝገት አለው? ሌባ ገብቶበታል?» አለ። ሃሊሞ ደግሞ ትስቃለች፤ ስትስቅ ያስላታል፤ ስታስል እኔ ሱሌማንን እቆጣለሁ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። በማግስቱ ሣጥኑን አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ እንዳየው አስጠራኝ።

መልሱ፦ ሌላ አድራሻ የለኝም። እኔ ራሴ እንዳላነብ ደግሞ ሃሊሞ ከልክላኛለች። «ኢስሃቅ ሲያነብ ያርማል፤ የወንድሜ ደብዳቤ የተማሪ ፈተና ነው?» ትላለች። እናም አንተ የምትጽፈው ሁሉ በሱሌማን አፍ፣ በእሷና በደሄቦ ፊት ይነበባል። ደሄቦ ግድግዳ ተጋሪያችን ናት፤ ከመሄድህ በፊት ሳታውቃት አትቀርም። ይህ እንዲያስፈራህ አልፈልግም። ሃሊሞ ሕፃን አይደለችም። ሰሙ ለምን እንደተላከ ታውቃለች፤ የሐምሌውን ደብዳቤህንም በጆሮዋ ሰምታለች። ያገኘኸውን ጻፍ። «ተስፋ አለ» የሚል ነገር እንዳትጽፍልኝ። ማን ጋ አለ? ስንት? ከጤነኛ ሰው ናሙና ጋር ጎን ለጎን አስኪደው። ሁለት ጊዜ ሥራው። እኔ ለአንድ ጣቃ አቡጀዲ ሁለት ጊዜ እሠራለሁ።

«እንዴት ናት?» ማለትህ አይቀርም፦ ሳሉ ተመልሷል። በቀኝ ጎኗ መተኛት ትታለች። ባለፈው ዓርብ ከመጋላ ስንመለስ ደቻቱ ድልድይ መሐል ላይ ቆመችና «አሸዋ የሚጭኑትን ልይ» አለችኝ። እስከዛሬ አብረን ስንኖር አሸዋ ስታይ አላየኋትም። እኔም አብሬያት አሸዋ አየሁ።

ኡባህ ጽፋለች። በጥር መጨረሻ የዕረፍት ጊዜ አላቸው፤ «እማዬ እውነት ደህና ናት? ልምጣ ወይስ ልቆይ?» ትላለች። ከዚያ ዕረፍት በኋላ እስከ ፈተናው አይለቋትም። ስለዚህ መልስህ ከጥር ማለቅ በፊት ሊደርሰኝ ይገባል። ለልጅቷ «አባትሽ እያጣራ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ሃሊሞ ከአልጋዋ ሆና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «ጠጉርሽ እርጥብ ሆኖ ብርድ ላይ እንዳትወጪ በላት» አለችኝ። በየደብዳቤው እጽፈዋለሁ። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

ሱሌማንን በሚቀጥለው ደብዳቤህ ይቅርታ ጠይቀው። ሣጥኑንም አድንቅለት።

ኢስሃቅ


ዩትሬክት፣ ጥር 4 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለአቶ ኢስሃቅ፣
ለተከበረችው እህቴ ለወይዘሮ ሃሊሞ፣
ለወንድማችን ለአቶ ሱሌማን፣
ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ደሄቦ፦

የከበረ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና በጣም ደህና ነኝ።

አቶ ሱሌማንን ባለፈው ስላስቀየምኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፖስታ ሣጥኑ መልካም ሣጥን ነው።

የምርመራው ሥራ ተጠናቋል። የተፈራው ለውጥ አልተገኘም። ይህም መልካም ዜና ነው። እህቴ ሃሊሞ ዕረፍት እንድታደርግ፣ ምግብ በሚገባ እንድትመገብ፣ ሐሳብ እንዳይገባት አደራ እላለሁ። አላህ ጤናዋን ይመልስላት።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አክባሪያችሁ ተማም


ድሬዳዋ፣ ጥር 26 ቀን 1983 ዓ.ም.

ተማም፣

አመሰግናለሁ። ይህን ቃል ለሰው ከጻፍኩ ቆይቷል፤ ፊደሉ ተስተካክሎ እንደሆነ እንጃ።

እንዴት ተቀበሏት ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ሱሌማን «አልተገኘም» ሲል ደሄቦ እልልታዋን ለቀቀችው። የመንደሩ ሴት ሁሉ «ማን ወለደ?» እያለ ገባ። ሱሌማን ሁለተኛ አነበበው፤ አሁን ቆሞ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አንተን አይመለከትም።

ስመለስ ሃሊሞ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። «ሱሌማን፣ መጀመሪያውን ድገመው» አለችው። ውጤቱ ያለበትን ሊደግም ሲል «እሱን አይደለም፣ ሰላምታውን» አለችው። ደገመው። «ከዚያ በፊት የተጻፈ የለም? ጫፉ ላይ? ጀርባው ላይ?» አለችው። ገልብጦ አየላትና «የለም» አላት። «እሺ፣ ይበቃል» አለች። ደስታ ሲበዛ ሰው እንዲህ ይሆናል፣ እህትህ ዘንድ አይቼው ባላውቅም።

በማግስቱ ጋያውን ከበር ጀርባ አስወጥታ፣ ራሷ አጥባ፣ ለደሄቦ ሰጠቻት። «እንግዳ ቢመጣስ?» አልኳት። «ደሄቦ ዘንድ ሄዶ ያጭሳ» አለችኝ። ጭስ ጠላች ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ቀድማ ብትጠላው የተሻለ ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ደብዳቤህ የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። ያን ሁሉ ዓመት ቤቴ አሳድጌህ አማርኛህ እንዲህ ሆኖ መቅረቱ ያሳፍራል። ደግሞም ከጤነኛ ናሙና ጋር ስለማስኬድህ ምንም አልጻፍክም። እንዳስኬድኸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጻፈው።

«ለኡባህ ምን አልካት?» ብለህ እንዳትጨነቅ፤ የዚያኑ ቀን ጻፍኩላት። «እናትሽ ተመርምራለች፤ ውጤቱ መልካም ነው፤ አትምጪ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ» አልኳት። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በልኬት ላይ ቆሞ መጻፍ ምን ያህል እንደሚቀል አሁን ነው ያወቅሁት።

ሳሉ እንዳለ ነው። ሐኪሙ ቅዝቃዜ ነው አለ። በድሬዳዋ ቅዝቃዜ!

ሃሊሞ ሰላም ብላሃለች። ሌላ አላለችም።

ኢስሃቅ


ዩትሬክት፣ የካቲት 20 ቀን 1983 ዓ.ም.

ጋሼ ኢስሃቅ፣

ይህ በሱሌማን ሣጥን አልመጣም። ጅቡቲ ጣቢያ በክፍሌ ስም ልኬው፣ ከእሱ እጅ በአንተ እጅ እንዲገባ ለምኜዋለሁ። ብቻህን አንብበው።

ለውጡ አለ። የተለወጠችው ፊደል በግልጽ ትታያለች። ከጤነኛ ሰው ናሙና ጋር አስኪጄዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሦስተኛውን የሠራሁት ለራሴ ነው፣ እጄ ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ። አልተሳሳተም። የክፍሉ ኃላፊ ስሙን አይታ «ዘመድህ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። የዘመድ ሥራ አይፈቀድልንም። አይደለችም አልኳት። እህቴን እዚያም ካድኳት።

እዚህ ከመዘገብናቸው ታማሚዎች ውስጥ ይህ ለውጥ ያለባቸው አብዛኞቹ ብዙ አልቆዩም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳሉ ቶሎ የተመለሰባቸውን ሰዎች ዕድሜ የምንቆጥረው በወር ነው። ሳሉ መመለሱን የጻፍክልኝ በታኅሣሥ ነው።

ለምን ዋሸህ ትለኛለህ። ጽፌው ነበር፤ እውነቱን። ከዚያ ሱሌማን ሲያነበው ታየኝ፤ በዚያ ድምፁ፣ እሷ ትራስ ተደግፋ፣ ደሄቦ አፏን በሻሿ ይዛ። በእንግሊዝኛ ልጻፍለት አልኩ፤ ሃሊሞ «ምነው ቋንቋ ቀየረ?» ትላለች፤ ቋንቋ ሲቀየር ደግሞ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ታማሚ ቤት የሚገባ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጋሼ፣ አንተ የድሬ ሰው ነህ። ታማሚ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። እህቴን «የተከበረች» ስላት፣ አንድም ቀልድ ሳልጽፍ ስቀር፣ ይገባሃል ብዬ ነበር። ጭስ ማውጫ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ፤ ከዚያ ያን ሳንባ አሰብኩት፤ እጄ እምቢ አለ።

ለኡባህ «አትምጪ» ማለትህን አነበብኩ። በክፍሌ በኩል መላክ በጥርም እችል ነበር፤ ዕቃው የመጣልኝ በእሱ እጅ አይደል? መንገድ አጥቼ አይደለም።

ጥራት። ዕረፍቱ ቢያልፍም ጥራት።

ተማም


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 24 ቀን 1983 ዓ.ም.

ተማም፣

ደብዳቤህን ክፍሌ ጣቢያ ላይ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። «ጋሼ ኢስሃቅ፣ ደህና ነው?» አለኝ። «የአማርኛ ስሕተት አለበት» አልኩት።

አሁን ስማ። ሐኪም ሲዋሽ ይገባኛል፤ የሚውለው ከታማሚ ጋር ነው። ካድሬ ሲዋሽ ደመወዙ ነው። አንተን ግን የላክሁህ ከዚህ ሁሉ ወሬ ውጭ የሆነ ነገር እንድትነግረኝ ነበር። ማስተዛዘኛ ብፈልግ ሱሌማን አለልኝ፤ ቅርብ ነው፣ ነፃ ነው። ይገባሃል ብዬ ነበር አልክ። እንዴት ይገባኛል? እኔ ያነበብኩት የተጻፈውን ነው። ሠራተኛዬ ሙመድ ቀለም ክፍል ውስጥ ያልያዘን ቀለም «ይዟል» ብሎ ቢነግረኝ፣ «ፊቴን አይተህ ሐሰት መሆኑን ታውቃለህ ብዬ ነው» ሊለኝ ይችላል? ላቦራቶሪ ውስጥ የቆመ ሰው ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም። ይህ የኔ ሞኝነት ነው፤ ያንተን ግን አያቀልልህም።

የሆነውን ልንገርህ። ቤት ገባሁ። ደሄቦን አስወጣኋት። «ተማም የጻፈው ውሸት ነበር» አልኳት ሃሊሞን።

«አውቃለሁ» አለች ሃሊሞ።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ! ‹ወይዘሮ ሃሊሞ› አለኝ። ያ ዱርዬ ተወልዶ ወይዘሮ ብሎኝ ያውቃል? አቦ፣ ለሰው ማዕረግ የሚሰጡት ሲሞት ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገር ኡባህን ትጠራታለህ።»

«አሁንም ልጠራት ነው» አልኳት።

«ዋሪያ፣ መጥታ ምን ታደርግልኛለች? ውኃ ልታቀብለኝ? ውኃውንስ ደሄቦም ታቀብለኛለች። ልጄን ለውኃ አላስተማርኳትም። በል ወላሂ በል።»

አልምልም አልኳት። በረመዳን፣ በዚያ ትንፋሿ፣ እስክምል ድረስ እራት አልበላም አለች። ሌላው ቀኑን ሲጾም፣ እሷ ጾም ሲፈታ ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ማልኩላት።

ስለዚህ አልጠራም። ግን ሒሳቡን በትክክል እንድትይዘው እፈልጋለሁ። በጥር እውነቱን ጽፈህ ቢሆን ሃሊሞ አፏን ሳትከፍት ጠርቻት ነበር። ልጅቷ በዕረፍቷ ትመጣ ነበር። እናቷ ቆማ ትቀበላት ነበር፤ በጥር ገና ትቆም ነበር። መሐላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ካንተ ላይ አላነሳውም።

«ታውቃለች ወይ? ህመሙስ?» ማለትህ አይቀርም። የመጀመሪያውን መልሼልሃለሁ፤ ለሁለተኛው፣ አሁን ተቀምጣ ነው የምትተኛው።

ኢስሃቅ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም.

ተማም፣

ሁለት ነገር ጠይቀሃል።

የመጀመሪያው፣ «እንዴት ናት?» ላልከው፦ በዒዱ ማግስት ቀበርናት። ጀልዴሳ፣ ከእናታችሁ ጎን፤ እንዳለችው። ሱሌማን ሱቁን ዘግቶ ሰነበተ። በመጨረሻው ሳምንት የቆዩ ደብዳቤዎችህን እንዲያነብላት ታስጠራው ነበር፤ ስድብ ያለባቸውን እየመረጠች። ስትስቅ እንደምትታፈን ስላየሁ ከለከልኩት። «አንተ ሰው፣ የሚያፍነኝን ልምረጥ እንጂ!» አለችኝ። ያን ስለ ባቡሩና ስለ ከሰሉ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ በኋላ ስላለው አልጽፍልህም።

ሁለተኛው፦ «ለኡባህ እውነቱን እኔ ልንገራት ወይ?» ብለሃል። አትንገራት። ፈተናዋ በሰኔ ነው። እስከዚያ እናቷ አለች። ይህን የምልህ እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ ከታች አለ፤ ጠብቀህ አስቀምጠው፣ አንድ ቀን አምጥተህ ፊቴ ላይ ልትወረውረው ትችላለህ። ያ ሁሉ ሆኖ ዲግሪውንም ካጣች ለምን እንደተደረገ አላውቅም።

እኔ ልጽፍላት ሞክሬ ነበር። አልሆነም። እውነት ስጽፍ አጭር ነኝ፤ ይኼኛው ግን ረዘመብኝ። ከእኔ ረዥም ደብዳቤ ከደረሳት ያን ዕለት ሻንጣዋን ታነሳለች። ስለዚህ አንተ ጻፍ። አንዴ ሠርተኸዋል። ያኔ የሠራኸው ግን መጥፎ ሥራ ነበር፤ አንዲት የታመመች ሴት በሰላምታው ብቻ ገለጠችው። አሁን እንደምነግርህ አድርገህ ሥራው።

በስድብ ጀምር። «የታሽከንት ሙሽራ» የምትላትን እንዳትተው። «ያ ባለ ረዥም ቆብ አማቼ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቃት፤ ትናደዳለች፤ የተናደደ ሰው አይጠራጠርም። «እናትሽ ደህና ናት» ብለህ አትጻፍ። ደህና ስለሆነ ሰው ማንም እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ይልቅ ደሄቦ ጋያውን ወስዳ አልመልስም አለች፣ በዚያ ተኳርፈዋል በል። ከሱሌማን ጋር ስለ ንባቡ ተጣሉ በል። ስለ ሳሉ ትንሽ ጻፍ፤ ጨርሶ ብትተወው ትፈልገዋለች። ስለ እኔ፣ እንደ ሁልጊዜው ይቆጣል በል፤ እሱ እውነት ነው። ከመላክህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብበው። አንዴ እንደ አንተ፣ አንዴ እንደ እሷ።

ከሰኔ በኋላ እኔ እነግራታለሁ። ያኔ የምትለኝን እሰማለሁ።

ይህን ክፍሌ ይዞልህ ይሄዳል፤ ባቡሩ እስከ መቼ እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። እዚህ ሁሉም ነገር ተፈታቷል። ፋብሪካው ቆሟል። ካድሬው ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ የት እንደገባ አልታወቀም፤ ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ብቻ ቀርቷል። አሁን ደብዳቤዬን ቀድሞ የሚያነብ የለም። በፋብሪካው አድራሻ መጻፍ ትችላለህ።

የሚቀረው የሃሊሞ ሰላምታ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይገባል። ከራስህ አትፍጠርላት። የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ጠጉርሽ እርጥብ ሆኖ ብርድ ላይ እንዳትወጪ።» ታሽከንት በዚህ ወር ከድሬ እኩል እንደምትቃጠል ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ሰምታኝ አታውቅም፤ በጋም ክረምትም ትለዋለች። ጻፈው። ካልጻፍከው ልጄ ታውቃለች።

ኢስሃቅ